መኪናዎ ተሰብሮ ዕቃ ሲወሰድ፦ ከኢንሹራንስ ካሳ መጠየቅ መቼ ያዋጣል?

ደሴ ላይ መኪናውን ከደጁ ወይም ከመንገድ ዳር አሳድሮ፣ ሲነጋ የጎን መስታወቱ ረግፎ ወይም የስፖኪዮው ሽቦ ተንጠልጥሎ ያገኘ ሰው በመጀመሪያ ራሱን የሚያጽናናው «ደግነቱ ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ነው። ኢንሹራንስ መኖሩ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ውል ስላለ ብቻ ለእያንዳንዱ ስብራት ካሳ መጠየቅ አያዋጣም። «ለዚህች ብዬ አልመላለስም» ብሎ ሳያሰሉ መተውም እንዲሁ ሊያስቆጭ ይችላል። ውሳኔው በሂሳብ የሚደረስበት በመሆኑ፣ ሂሳቡ ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ጉዳቱን ለኩባንያው ማሳወቅና ካሳ መጠየቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መረዳት ይገባል። ማሳወቅ የመድን ገቢው ግዴታ ነው፤ ውሉ ከሚያዘው ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት የዘገየ ሰው በኋላ ካሳ ልጠይቅ ቢል እንኳ ክርክር ይገጥመዋል። ካሳ መጠየቅ ግን መብት ነው፤ ሊጠቀሙበትም ላይጠቀሙበትም ይችላሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ዛሬም በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም አልሻረውም፤ በዚሁ ሕግ መሠረት ከመድን ውል የሚመነጭ ጥያቄ በይርጋ የሚታገደው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ለማሳወቅ መፍጠን፣ ለመወሰን ግን ጥቂት ቀን ወስዶ ማሰብ ይቻላል ማለት ነው። ከቅርንጫፉ ሲደርሱ «ጉዳቱን እያስመዘገብኩ ነው፤ ካሳ መጠየቄን ግን ገና አልወሰንኩም» ብለው በጽሑፍ ያስገቡ፤ የደብዳቤዎን ቅጂም በማኅተም አስቀብለው ይያዙ። በአብዛኛው ካሳ ሳይጠይቁ በመቆየት የሚገኘውን የአረቦን (ለመድኑ በየዓመቱ የሚከፈለው ገንዘብ) ቅናሽ የሚያሳጣው የተከፈለ ካሳ እንጂ የተነገረ ጉዳት አይደለም፤ የእርስዎ ኩባንያ አሠራርም እንዲሁ መሆኑን ግን በዚያው ቀን ጠይቀው ያረጋግጡ።

በመጀመሪያው ጠዋት መደረግ ያለበት

ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ፎቶግራፍ ያንሡ። መኪናው ከነታርጋው፣ ከነቆመበት ቦታና ከአካባቢው ምልክት ጋር አንድ ላይ የሚታይበት ፎቶ ይኑርዎት፤ ቀጥሎም ቀረብ ብለው የረገፈውን መስታወት፣ የተፈለቀቀውን የበር ቁልፍ፣ የተቆረጠውን ሽቦ ያንሡ። የመስታወቱ ስባሪ በብዛት የወደቀው ወንበሩ ላይ ነው ወይስ መሬት ላይ የሚለው ጥያቄ የማይረባ ይመስላል፤ ጉዳቱን ለመመርመር የሚላከው ባለሙያ ግን መስታወቱ ከውጭ ተመትቶ መሰበሩን የሚገምተው ከዚህ ነው። ስለዚህ መጥረጊያ ይዞ ለመጣው ጎረቤት ወይም ዘበኛ ጥቂት እንዲታገሥ ይንገሩት።

ቀጥሎ ወደ ፖሊስ ይሄዳሉ። መሄድ ያለብዎት ለመኖሪያ ቤትዎ ወደሚቀርበው ጣቢያ ሳይሆን ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቦታ ወደሚያስተዳድረው ጣቢያ ነው። ለምሳሌ ነዋሪነትዎ ደሴ ሆኖ መኪናው ኮምቦልቻ ላይ ወይም ሐይቅ ከተማ ከተሰበረ፣ ቃልዎን የሚቀበለውና ማስረጃ የሚጽፍልዎ የዚያው ከተማ ፖሊስ ነው፤ ከዚያ ከተመለሱ በኋላ ደሴ ላይ ለማስመዝገብ ቢሞክሩ ተመልሰው መሄድዎ አይቀርም። ቃልዎን ሲሰጡ የተወሰደውን ዕቃ ሁሉ በዓይነትና በቁጥር ይዘርዝሩ፤ በፖሊስ ማስረጃው ላይ ያልሰፈረ ዕቃ በኋላ በካሳ ቅጹ ላይ ብቅ ሲል ጥርጣሬ ያስነሣል። የማያውቁትን ሰዓት በግምት ከመናገር «ማታ ይህን ያህል ሰዓት አቁሜው ጠዋት በዚህ ሰዓት አገኘሁት» ማለት ይበቃል። ስፖኪዮዎ ላይ የታርጋ ቁጥሩን አስቀርጸው ከሆነ ይህንንም ያስመዝግቡ፤ ዕቃው ቢገኝ የእርስዎ መሆኑ የሚታወቅበት ሌላ መንገድ ብዙ ጊዜ የለም።

ሊብሬዎ ወይም የመኪናው ሁለተኛ ቁልፍ አብሮ ተወስዶ ከሆነ ነገሩ ከመስታወት ዋጋ ያለፈ ነው። ቁልፍ የያዘ ሌባ ነገ ሙሉውን መኪና ሊወስድ ይችላል፤ ቁልፉ መጥፋቱን እያወቁ ሳያሳውቁና ሳያስቀይሩ ቢቆዩ ደግሞ ኩባንያው «ተገቢውን ጥንቃቄ አላደረጉም» ለማለት ምክንያት ያገኛል። እንዲህ ሲሆን ካሳ ቢጠይቁም ባይጠይቁም በዚያው ቀን በጽሑፍ ያሳውቁ።

መኪናውን እስኪያስጠግኑ ድረስ ከተጨማሪ ጉዳት የመጠበቁ ኃላፊነት የእርስዎ ነው። በደሴ ክረምት መስታወት የሌለውን በር ላስቲክ ሳይለጥፉ ማሳደር ወንበሩንና የኤሌክትሪክ ሽቦውን ለውሃ መስጠት ሲሆን፣ በዚህ ምክንያት የሚደርሰውን ብልሽት ኩባንያው ከስርቆቱ ጋር ደምሮ እንዲከፍል መጠበቅ አይቻልም። ለላስቲኩና ለጊዜያዊ ጥገናው ያወጡትን ገንዘብ ደረሰኝ ግን ያስቀምጡ።

ውሉ ይህን ጉዳት ይሸፍናልን?

በአዋጅ ቁጥር 559/2000፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የተደረገው የሦስተኛ ወገን መድን የሚሸፍነው ተሽከርካሪው በሌላ ሰው ሕይወት፣ አካልና ንብረት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ነው። በእጅዎ ያለው ይህ ብቻ ከሆነ ስለ ተሰበረው መስታወትዎ የሚከፍልዎ ኩባንያ የለም፤ ለፖሊስ አመልክተው ወደ ጋራዥ ይሂዱ።

ሙሉ ዋስትና የገቡ ሰዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የማያነቡት አንድ ሐረግ አለ። ሙሉ ዋስትና ስርቆትን ይሸፍናል ሲባል ዋናው ትርጉሙ የመኪናው በሙሉ መሰረቅ ነው። ስፖኪዮ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ቴፕ፣ ስኮርት ጎማ፣ ባትሪና የመሳሰሉት ለብቻቸው ሲሰረቁ የሚሸፈኑት በብዙ ውሎች ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎበት የዕቃ ስርቆት ሽፋን ሲጨመር ነው፤ ይህም ሽፋን የራሱ የክፍያ ጣሪያና ከተለመደው ከፍ ያለ ተቀናሽ፣ ማለትም ከካሳው ላይ ተቀንሶ ባለንብረቱ ከኪሱ የሚሸከመው ገንዘብ፣ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የውሉን የመጀመሪያ ገጽ ብቻ ሳይሆን ከኋላ የተያያዙትን ተጨማሪ ወረቀቶች አንድ በአንድ ያንብቡ። ለመስበር ሲባል በበሩና በመስታወቱ ላይ የደረሰው ጉዳት በአንድ አንቀጽ፣ የተወሰደው ዕቃ በሌላ አንቀጽ ሊታይ ስለሚችል፣ መስታወቱ ተከፍሎልዎ ቴፑ ላይከፈልዎ ይችላል።

መኪናው ውስጥ የነበረው ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ ጥሬ ገንዘብ ወይም ከኮምቦልቻ ጭነውት የነበረው የሱቅ ዕቃ የመኪናው አካል ስላልሆነ በመኪና መድን አይካስም። ነጋዴ ከሆኑና ለዕቃው ወይም ለገንዘቡ የተለየ መድን ካለዎት በዚያኛው ውል ይጠይቁ።

ሌላው ለወሎ ሰው ሊነገር የሚገባው የጦርነትና የሁከት ጉዳይ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት እጅ በወደቁበት ጊዜ መኪናው የተሰባበረበትና የተወሰደበት ሰው ብዙ ነበር፤ ተራው የመኪና ውል ግን የጦርነትን ጉዳት ከሽፋኑ ውጭ ያደርጋል። በአገራችን የመድን ሰዎች «ቢኤስጂ» የሚሉት የሽፍታና የታጣቂ ጥቃት ሽፋን፣ እንዲሁም የፖለቲካ ሁከት ሽፋን ለየብቻቸው የሚገዙ ናቸው። አንድ ሌባ በሌሊት መስታወት ሰብሮ የወሰደውና መንገድ ላይ ታጣቂዎች አስቁመው የወሰዱት በውሉ ዓይን አንድ አይደሉምና፣ ቅጹን ሲሞሉ የሆነውን እንደሆነው ይጻፉ። ሽፋን ለማግኘት ሲባል ታሪኩን መለወጥ ሐሰተኛ መግለጫ ነው፤ ካሳውን ከማሳጣቱም በላይ በሕግ ያስጠይቃል።

ሂሳቡ

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። ብዙ ሰው የሚያወዳድረው የጥገናውን ዋጋና በውሉ ላይ የተጻፈውን ተቀናሽ ብቻ ነው፤ «ጥገናው 38,000 ነው፣ ተቀናሹ 5,000 ነው፣ ስለዚህ 33,000 አገኛለሁ» ይላል። ይህ ስሌት ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይዘላል።

የመጀመሪያው መኪናው መድን የተገባለት ዋጋና የዛሬው የገበያ ዋጋ ልዩነት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ በእጅጉ ንሯል፤ ይሁንና አረቦኑ እንዳይጨምርባቸው ብለው የቆየውን ዋጋ እንዳለ እያስቀጠሉ ውል የሚያድሱ ብዙዎች ናቸው። ገበያው 2,000,000 ብር የሚያወጣው መኪና በ1,200,000 ብር መድን ከተገባለት፣ ኩባንያው ባለንብረቱን ለቀረው 40 በመቶ የራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ቆጥሮ ከእያንዳንዱ ጉዳት 60 በመቶውን ብቻ ሊከፍል ይችላል። ይህ የተመጣጣኝነት ደንብ ለትንሽ ጉዳትም እንደሚሠራ ብዙ ሰው የሚያውቀው ቼኩን ሲቀበል ነው።

ሁለተኛው ካሳ ሳይጠይቁ በቆዩባቸው ዓመታት ያከማቹት የአረቦን ቅናሽ ነው። ሦስተኛው ካሳ ባይጠይቁ ኖሮ በእርግጥ የሚያወጡት ገንዘብ ነው፤ ይህም ጋራዡ በፕሮፎርማ (በዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት) ከሚያቀርበው ዋጋ ጋር አንድ አይደለም።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ስለሆኑ በእነሱ ፋንታ የራስዎን ውል ቁጥሮች ያስገቡ። ከላይ የተጠቀሰው መኪና የኋላ መስታወቱ ተሰብሮ አንድ ስፖኪዮ ተወስዷል እንበል፤ በአዲስ ዕቃ የቀረበው ፕሮፎርማ 38,000 ብር ነው። በተመጣጣኝነቱ 60 በመቶው 22,800 ብር ይሆናል። ውሉ ተቀናሹ 10 በመቶ ሆኖ ከ5,000 ብር እንደማያንስ ቢደነግግ 5,000 ይቀነሳልና በእጅ የሚገባው 17,800 ብር ነው። የዓመቱ ሙሉ አረቦን 30,000 ብር ሆኖ ባለንብረቱ የመጨረሻው እርከን ላይ ደርሶ የ30 በመቶ ቅናሽ ያገኝ ነበር እንበል። ካሳ ከተከፈለው በኋላ ቅናሹ ከዜሮ ተነሥቶ በየዓመቱ 10 በመቶ እያደገ የሚመለስ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት 9,000፣ በሁለተኛው 6,000፣ በሦስተኛው 3,000፣ በድምሩ 18,000 ብር ያጣል። ተከፈለኝ ያለውን 17,800 ብር ኩባንያው በሦስት ዓመት ውስጥ መልሶ ወሰደው ማለት ነው። በዚህ ላይ ፕሮፎርማው እንዲሟላ ከኪሱ የሚጨምረው 20,200 ብር አለ፤ ያገለገለ ግን ደህና መስታወትና ስፖኪዮ በ22,000 ብር ማስገጠም ይችል ከነበረ ካሳ ባይጠይቅ ይሻለው ነበር።

ለሚዛናዊነት ሲባል መባል ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የሚጠፋ ብር በእነዚህ ዓመታት ኑሮ የዛሬን ብር ያህል አይከብድም። ዛሬ በእጁ ምንም የሌለው ሰውና መኪናው የቆመበት የታክሲ ባለቤት ይህን ከግምት ቢያስገባ አይፈረድበትም። በሌላ በኩል የመኪናው ዋጋ ሲስተካከል አረቦኑ ከፍ ስለሚል የሚታጣው ቅናሽ በብር ሲቆጠር አብሮ ያድጋል።

ከዚህ ስሌት የሚወጡ ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ሳይስተዋሉ ያልፋሉ። ከኩባንያው ጋር የመጀመሪያ ዓመቱን ያልጨረሰ ሰው ገና ያካበተው ቅናሽ ስለሌለው በመጠየቁ የሚያጣው፣ ለዓመታት ሳይጠይቅ ከቆየው ደንበኛ ያነሰ ነው፤ በምሳሌያችን ቅናሹ በአንድ ዓመት ስለሚዘገይ ብቻ በየዓመቱ 3,000፣ በድምሩ 9,000 ብር ይሆናል። እንዲሁም በዚያው የውል ዓመት በሌላ አደጋ ምክንያት ካሳ ተከፍሎት ቅናሹን ቀድሞ ያጣ ሰው ለሁለተኛው ጉዳት የሚከፍለው ዋጋ ተቀናሹን ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ «ዘንድሮ አንዴ ጠይቄአለሁና አሁንስ ይቅር» ማለቱ የተገላቢጦሽ ነው። ውሉ በተደጋጋሚ ለጠየቀ ሰው አረቦን የሚጨምር አንቀጽ እንደሌለበት ግን አስቀድሞ ማየት አለበት።

እኔ የምከተለው ልማድ ይህ ነው፦ ከተቀናሹና ከተመጣጣኝነቱ በኋላ በእጅ የሚገባው ገንዘብ ከሚታጣው ቅናሽ እጥፍ የማይበልጥ ከሆነ ካሳ አለመጠየቅ። ለመመላለሱ፣ መኪናው ጋራዥ ለሚቆምበት ጊዜና ነገ ለሚመጣው ትልቅ አደጋ የቅናሹን እርከን ጠብቆ ለመቆየት ይህን ያህል ልዩነት ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። የመኪናው ኮምፒውተር ቦክስ፣ ዳሽቦርድ ወይም የበሮቹ አካል ተነቅሎ ከሆነ ግን ብዙ ማሰላሰል አያስፈልግም፤ ኢንሹራንስ የተገባው ለዚህ ነው።

የተካፉል፣ ማለትም በእስልምና ሕግ መሠረት ተሳታፊዎች ገንዘብ አዋጥተው የሚረዳዱበት መድን፣ ውል የገቡ ሰዎች ደግሞ ከተዋጣው ገንዘብ በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ቢኖር ለተሳታፊዎች የሚከፋፈልበትን ደንብ ያንብቡ፤ ካሳ የወሰደ ተሳታፊ ድርሻው ይቀነስበት እንደሆነ ማወቅ ከላይ ባለው ሂሳብ ውስጥ አንድ መስመር ይጨምራል።

ሽማግሌ ሲመጣና ዘበኛው ሲለምን

በእኛ አገር ሌባው ከተገኘ ብዙ ጊዜ የሰፈር ልጅ ነው፤ ቤተሰቡም ሽማግሌ ይልካል። የወሎ ሰው የመጣን ሽማግሌ ባዶውን መመለስ ስለሚከብደው ጉዳዩ ቡና እየተጠጣ በይቅርታ ያልቃል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ከመድን ውል ጋር የሚጋጭበት ቦታ አለ። ኩባንያው ካሳ ከከፈለ በኋላ ጉዳቱን ያደረሰውን ሰው በእርስዎ ቦታ ተተክቶ የመጠየቅ መብት በንግድ ሕጉ ተሰጥቶታል። እርስዎ «ምንም አልፈልግም፣ ምሬዋለሁ» ብለው የፈረሙበት የዕርቅ ወረቀት ይህን መብት የሚዘጋ ከሆነ ኩባንያው በዚያው ልክ ከካሳው ነፃ ልውጣ ሊል ይችላል። ከቤተሰቡ ሙሉ ዋጋውን ተቀብለው ከኩባንያውም መውሰድ ደግሞ አይቻልም፤ የንብረት መድን ካሳ ጉዳትን ለመተካት እንጂ ለማትረፊያ የሚከፈል አይደለም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ቢጠበቅ ይመረጣል። ካሳ ለመጠየቅ ካሰቡ ሽማግሌዎቹን በአክብሮት «ቂም የለኝም፤ የገንዘቡን ነገር ግን ከኢንሹራንስ ጋር ሳልነጋገር ወረቀት አልፈርምም» ይበሏቸው። የልጁ ቤተሰብ የሚከፍለው ገንዘብ ከላይ በሂሳቡ ካገኙት ቁጥር የሚበልጥ ከሆነ ግን ዕርቁን ተቀብለው ካሳውን ቢተዉት ለሁሉም ይቀላል። በፖሊስ የተያዘው የወንጀል ምርመራ በሽማግሌ ስምምነት ብቻ እንደማይዘጋም ለቤተሰቡ አስቀድሞ መንገር ከበኋላ ቅያሜ ያድናል።

መኪናው የተሰበረው በሆቴል ግቢ ወይም ደረሰኝ በሚቆርጡ የፓርኪንግ ሠራተኞች ጥበቃ ሥር ከነበረም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ደረሰኙን አይጣሉ፤ የዕለቱን ተረኛ ስም ይመዝግቡ፤ ዘበኛው «ከደመወዜ እየቆረጥኩ እከፍላለሁ፣ ለአለቃዬ አትንገሩብኝ» ብሎ ቢለምንዎ ማዘንዎ ተገቢ ቢሆንም፣ የግል ስምምነቱን ከማድረግዎ በፊት ከኩባንያው ለመጠየቅ ወይም ላለመጠየቅ ይወስኑ።

ለመጠየቅ ከወሰኑ

የካሳ መጠየቂያ ቅጹን ሞልተው ከፖሊስ ማስረጃው፣ ከሊብሬውና ከመንጃ ፈቃዱ ቅጂ ጋር ያስገባሉ፤ የኩባንያው ባለሙያ መኪናውን ከማየቱ በፊት ጥገና አያስጀምሩ። ኩባንያው ፕሮፎርማ ከጋራዦች አወዳድሮ ስለሚመርጥ እርስዎ ያመጡት ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። ለአሮጌ ዕቃ አዲስ ሲተካ የእርጅና ተቀናሽ ሊታሰብ ይችላል፤ በመጨረሻ የሚያስፈርሙዎት ወረቀት ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም የሚል ስለሆነ መጠኑን ሳያዩ አይፈርሙ። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ባንኩ በውሉ ላይ ስለሚጠቀስ ክፍያው ያለ እሱ ፈቃድ ላይለቀቅ ይችላል። በክፍያው መጠን ካልተስማሙ ቅሬታዎን በመጀመሪያ ለቅርንጫፉ፣ ቀጥሎም ለዋናው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያቅርቡ፤ የመድን ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው።

ላለመጠየቅ ከወሰኑ ደግሞ ይህንኑ ለቅርንጫፉ በደብዳቤ ገልጸው ፋይሉ ያለ ክፍያ እንዲዘጋ ያድርጉ። ውሉ ሲታደስ ቅናሹ እንዳልተነካ በአዲሱ ሰነድ ላይ ያረጋግጡ፤ በዚያው ቀንም መኪናው መድን የተገባለት ዋጋ ከወቅቱ ገበያ ጋር እንዲስተካከልና የዕቃ ስርቆት ሽፋኑ ከነጣሪያውና ከነተቀናሹ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ።